ሰይፉ ከመመዘዙ በፊት፦ የመናፍስት አኒሜን ሥዕልና አተራረክ እንዴት እንመዝን?

«ሞኖኖኬ» በሚባለው አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ውስጥ ስም የሌለው አንድ መድኃኒት ሻጭ አለ። የእንጨት ሣጥኑን በጀርባው አዝሎ ከቦታ ቦታ ይዞራል። ሰይፍም አለው። ሰይፉ ግን እንደፈለገ አይመዘዝለትም። መጀመሪያ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት፤ የመንፈሱን ቅርጽ፣ የሆነውን እውነት፣ ከዚያም ምክንያቱን። አንዱ በታወቀ ቁጥር የሰይፉ እጀታ ላይ ያለው የጭራቅ ፊት ጥርሱን ቀጭ ያደርጋል። ሦስቱ ካልተሟሉ ሰይፉ ንቅንቅ አይልም።

እኔ ይህን ሕግ ከታሪኩ አውጥቼ የአኒሜ መመዘኛ ካደረግሁት ቆየሁ። ሰይፉ ፍርዴ ነው። ቅርጹን፣ እውነቱንና ምክንያቱን ሳላውቅ አልመዘውም። ከዚህ በታች የማካፍላችሁ ይህንኑ አሠራር ነው። መለማመጃችን ራሱ «ሞኖኖኬ» ይሁን። ከሀያኦ ሚያዛኪ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው «ልዕልት ሞኖኖኬ» ጋር እንዳታምታቱት፤ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አይገናኙም። የእኛው በኬንጂ ናካሙራ ዳይሬክተርነት ቶኤ አኒሜሽን የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን ቴሌቪዥን የታየው ባለ 12 ክፍል ሥራ ነው። መድኃኒት ሻጩ መጀመሪያ ብቅ ያለው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ «አያካሺ» በተባለ የአስፈሪ ታሪኮች ስብስብ መጨረሻ ላይ ነበር። ተመልካቹ ስለወደደው የራሱን ተከታታይ አገኘ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ። «ሥዕሉ 8፣ ታሪኩ 6» እያሉ ለየብቻ ማርክ መስጠት ለመናፍስት አኒሜ አይሆንም። መንፈስ የማይታይ ነገር ነው። እሱን እንድናየው የሚያደርገው ሥዕሉ ነው። ስለዚህ ስለ ታሪኩ ሥዕሉን ጠይቁት፤ ስለ ሥዕሉም ታሪኩን።

1. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩ

አንድ ሙሉ ታሪክ ምረጡ። «ሞኖኖኬ» ውስጥ 5 ታሪኮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 2 ወይም 3 ክፍል ይወስዳሉ። የመጀመሪያው «ዛሺኪ-ዋራሺ» 2 ክፍል ብቻ ስለሆነ ለልምምድ ይመቻል። ከ1 ሰዓት በታች ያልቃል። ለልጆች ግን አይሆንም።

ስልካችሁን አርቁ። ፖዝ አታድርጉ፣ አትጻፉም። ሲያልቅ ብቻ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ዓይኔ ላይ የቀረው ምስል የትኛው ነው? የት ላይ ሰለቸኝ? ምኑ አልገባኝም? የመጀመሪያ ስሜት ለሁለተኛ ጊዜ አይገኝም፤ ሳይተንን ያዙት። በ15 ሰከንድ የቲክቶክ ቁራጭ የሚፈርድ ሰው ይህንን ያጣል። ቁራጩ ውስጥ የሚገባው የደመቀው ፍልሚያ ነው፤ ፍልሚያው ለምን እንደመጣ አይገባበትም።

2. «ሰይጣን» የሚለውን ቃል ለጊዜው አስቀምጡት

ብዙዎቻችን የምናየው በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ የሰፈረው ቃል አእምሯችን ውስጥ ሲገባ «ሰይጣን» ወይም «ጋኔን» ይሆናል። ያኔ ፍርዳችን ይዛባል። ሰይጣን ክፉ ነው፣ ይባረራል፣ አለቀ። በጃፓን ተረቶች ውስጥ ያለው መንፈስ፣ ዮካይ፣ ግን እንዲህ አይደለም። አንዳንዱ ተንኮለኛ፣ አንዳንዱ ቤት ጠባቂ፣ አንዳንዱም ዝም ብሎ የሚኖር ፍጥረት ነው። ዛሺኪ-ዋራሺ ራሱ በጃፓን ተረት ለሚኖርበት ቤት ሀብትና ዕድል የሚያመጣ የልጅ መንፈስ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ታሪኩ የት ላይ ተረቱን እንደጠመዘዘው አይታየውም።

በአኒሜው ውስጥ ሞኖኖኬ የሚፈጠረው አያካሺ የሚባል መንፈስ ከሰው ቂም ወይም ሐዘን ጋር ሲጣበቅ ነው። ከእኛ አገር ነገር ካስፈለገ ከሰይጣን ይልቅ ዛር ይቀርበዋል እላለሁ። ዛር የሚፈልገው ነገር አለ፤ ይጠየቃል፣ ይናገራል። አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ወደ ታሪኩ ስትገቡ «ይሄ መንፈስ ምን ፈልጎ ነው?» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ እንድትገቡ ብቻ ነው።

3. ድምፁን አጥፉና ቅርጹን እዩ

ሁለተኛው እይታ ላይ ድምፁን ዝጉት። የግርጌ ጽሑፉንም አጥፉ። አሁን ሥዕሉ ብቻ ነው የቀረው። ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የምታዩ ከሆነ የእንግሊዝኛዋን «ኢ» (E) ስትጫኑ ቪዲዮው አንድ አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ አንድ ነጠላ ምስል፣ እየዘለለ ይሄድላችኋል። ይህች ቁልፍ ብዙ አስተምራኛለች።

መጀመሪያ የምታዩት ገጹን ነው። «ሞኖኖኬ»ን ቆም አድርጋችሁ ልብ ብትሉ ምስሉ ሁሉ ላይ የወረቀት ሸካራነት አለ። ዋሺ የሚባለው የጃፓን ባህላዊ ወረቀት ነው። ሰውዬው ሲራመድ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ግድግዳው ላይ፣ ወረቀቱ አይጠፋም። ቀለሙ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥላ እንደልብ የለም። አልባሳቱና ግድግዳው በሐረግና በአበባ ጌጥ ታጭቀዋል። የተቀዳው ኡኪዮ-ኤ ከሚባለው፣ በጃፓን ኢዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) ከተስፋፋው የእንጨት ኅትመት ሥዕል ነው።

«ጠፍጣፋ ነው፣ ስለዚህ ደካማ ሥዕል ነው» የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ይህን ክርክር ለእኛ ሰው ማስረዳት ይቀላል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን አስቡ። ጻድቃኑ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ሁለተኛውን ዓይን መሳል አቅቶት አይደለም። ሕግ አለው፤ ሕጉም ይናገራል። የአኒሜ ሥዕልም ሲመዘን ጥያቄው «እውነተኛ ይመስላል ወይ?» አይደለም። «ሕግ አለው ወይ? ሕጉን ይጠብቃል ወይ? ሲያፈርሰውስ ለምን አፈረሰው?» ነው።

ሕግ ሲፈርስ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። «ኑኤ» በተባለው ታሪክ ወንዶች አንዲት ልዕልትን ለማግባት በዕጣን ማሽተት ይወዳደራሉ። እስከዚያ በቀለም የሰከረው አኒሜ እዚህ ሲደርስ ግራጫ ይሆናል። ቀለም ብቅ የሚለው ዕጣኑ ሲሸተት ነው። ሽታን በሥዕል ማሳየት አይቻልም፤ እነሱ ግን አሳዩት። ይህን ሳይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። «ቀለሙ ያምራል» ከማለት ይልቅ «ቀለሙ እዚህ ጋ ሽታ ነው» ብላችሁ መጻፍ ስትችሉ ሥዕል መመዘን ጀምራችኋል።

ሰዎቹንም እዩ፣ በተለይ ከኋላ ያሉትን። በመጨረሻው ታሪክ፣ «ባኬኔኮ» ላይ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ያለው ሕዝብ የልብስ ሱቅ አሻንጉሊት ሆኖ ነው የተሳለው። ፊት ያላቸው በጉዳዩ ውስጥ እጃቸው ያለበት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሥራ መቀነሻም ሊሆን ይችላል። ግን ሥራ መቀነሻው ትርጉም ይዞ ከመጣ ስቱዲዮው ተክኖበታል ማለት ነው።

ይህ ወደ እንቅስቃሴ ያመጣናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1 ሰከንድ ውስጥ 24 ፍሬሞች ያልፋሉ። ለ24ቱም አዲስ ሥዕል መሳል ግን ውድ ነው። ስለዚህ አንድ ሥዕል ለ2 ፍሬም ይቆያል፤ በሰከንድ 12 ሥዕል ማለት ነው። ለ3 ፍሬም ከቆየ 8 ብቻ ይሆናል። «አስትሮ ቦይ» እ.ኤ.አ. በ1963 በየሳምንቱ በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ወዲህ የጃፓን አኒሜ በዚህ ቁጠባ ነው የኖረው። አፍ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ካሜራ በቆመ ሥዕል ላይ ሲንሸራተት፣ ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት የተቆጠበው የት እንደዋለ ነው። ማስታወሻችሁ ላይ ሥዕሎቹ የበዙባቸውን ሦስት ቦታዎች ጻፉ። ስቱዲዮው ጉልበቱን ያፈሰሰው ለታሪኩ ወሳኝ በሆነው ቅጽበት ከሆነ ጥሩ። ምንም በማይለወጥበት ፍልሚያ ላይ ካፈሰሰውም ጻፉት።

በመጨረሻ መሸጋገሪያውን እዩ። «ሞኖኖኬ» ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ሲሻገር ብዙ ጊዜ ተንሸራታች የወረቀት በር ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ታሪኩ ሰው የደበቀውን ነገር ስለመክፈት ነው። በሮቹም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

4. የመንፈሱን ሕግ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ምን ማድረግ ይችላል? ምን አይችልም? ሰውን ምን ያስከፍለዋል? ይኸው ነው። ሦስቱን መጻፍ ካልቻላችሁ ወይ አኒሜው አልነገራችሁም፣ ወይ አላስተዋላችሁም። ተመለሱና ፈልጉ። ሁለት ጊዜ ፈልጋችሁ ካጣችሁት ጉድለቱ የአኒሜው ነው።

ትልቁ ጥፋት ሕጉ በመጨረሻው ሰዓት ሲለወጥ ነው። ጀግናው ሊሞት ሲል ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኃይል ይወጣል። መናፍስት ያሉበት ታሪክ ሁሉ ለዚህ ፈተና የተጋለጠ ነው፤ «መንፈስ ነው፣ ምን ይሳነዋል» ይባላላ። ጥሩ ደራሲ ግን ራሱን በሕግ ያስራል። የመድኃኒት ሻጩ ሰይፍ የሚያስደስተኝ ለዚህ ነው። ሰዎች እየሞቱ፣ መንፈሱ በር ላይ ቆሞ፣ ሰይፉ አሁንም አይመዘዝም። ጭንቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

5. እውነቱ በምን ቅደም ተከተል እንደወጣ መዝግቡ

አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በአንድ በኩል «የሆነው ነገር»፣ በሌላ በኩል «እኔ ያወቅሁበት ደቂቃ»። ሁለቱን ስታስተያዩ የአተራረኩ አጥንት ይወጣል።

«ዛሺኪ-ዋራሺ» ላይ እንሞክረው። ያላያችሁት ካላችሁ ይህን አንቀጽና ቀጥሎ ያለውን 6ኛ ዝለሉና አይታችሁ ተመለሱ። ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ሺኖ የምትባል ነፍሰ ጡር ወደ አንድ ማረፊያ ቤት ትመጣለች። ሊገድላት የሚከታተላት ሰው አለ። ክፍል የለም ትባላለች። ትለምናለች። የቤቱ ባለቤት የሆነችው አሮጊት በመጨረሻ ማንም የማይገባበትን ክፍል ትከፍትላታለች። ከዚያ የልጆች ሳቅ ይሰማል። እኛ ልጆቹን ካየን በኋላ ብዙ ቆይተን ነው ቤቱ ድሮ ሴተኛ አዳሪዎች የሚሠሩበት እንደነበር፣ በዚያ ክፍል ውስጥም ፅንሶቻቸው በግድ ይወጡ እንደነበር የምናውቀው። ልጆቹ ያልተወለዱት ናቸው። የሚፈልጉትም አንድ ነገር ነው፤ መወለድ።

ቅደም ተከተሉን አያችሁት? መጀመሪያ ሳቁ አስፈራን። እውነቱ ሲወጣ ያው ሳቅ ያስለቅሳል። ድምፁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምናውቀው ነገር ነው። ጥሩ አተራረክ ወደኋላ ተመልሶ ያያችሁትን ይለውጠዋል።

6. ምክንያቱን ከሰዎቹ ዘንድ ፈልጉ

መንፈሱን ከታሪኩ አውጡትና የቀረውን እዩ። የሰው ጉዳይ ቀርቷል? ሺኖ ልጇን ሁሉም አስወግጂ እያላት «እወልደዋለሁ» ያለች ሴት ናት። መንፈስ ባይኖርም ይህ ታሪክ ነው። መንፈሱ ሲወጣ ምንም የማይቀር ከሆነ ስታዩት የነበረው ርችት ነው።

7. ሥዕሉና ታሪኩ የተገናኙበትን አንድ ትዕይንት ያዙ

ለእኔ ዋናው እርከን ይህ ነው። አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጡ፤ ከ1 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

የእኔ ምርጫ የወረቀቶቹ ትዕይንት ነው። መድኃኒት ሻጩ ረጃጅም ነጭ ወረቀቶችን ወደ ግድግዳ ይወረውራል። ወረቀቶቹ ራሳቸው እየተለጠፉ በረድፍ ይሰለፋሉ። ባዶ ናቸው። ከዚያ ጥቁር ጽሕፈት ይወጣባቸዋል። መንፈሱ ሲቀርብ ቀይ ይሆናሉ። መቅላቱ ከአንዱ ወረቀት ወደ ቀጣዩ ሲሄድ መንፈሱ በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ ታያላችሁ። መንፈሱ ራሱ ግን ገና አልታየም። ትንንሾቹ ሚዛኖቹም እንዲሁ ናቸው፤ መንፈሱ ወዳለበት ያዘነብላሉ፣ ቃጭላቸው ይጮኻል።

አሁን ጠይቁ። ይህን ትዕይንት በጽሑፍ ብቻ ብነግራችሁ ያው ይሆን ነበር? አይሆንም። ያለ ታሪኩ ሥዕሉን ብቻ ባሳያችሁስ? ወረቀት ነው። ሁለቱ ተጣብቀው ብቻ ነው የሚሠሩት። እንዲህ ያለ አንድ ትዕይንት ካላገኛችሁ፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አኒሜው ከላይ የተቀባ ሆኖባችኋል ማለት ነው።

8. ከሌላ ሥራ ጋር አስተያዩ

ብቻውን የቆመ ነገር መጠኑ አይታወቅም። ማነጻጸሪያው ግን በሥራው ጠባይ ይመረጥ። «ሞኖኖኬ»ን ከ«ሙሺሺ» ጋር አስቀምጡት። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረ፣ ሂሮሺ ናጋሃማ አርትላንድ በተባለው ስቱዲዮ የመራው፣ በዩኪ ኡሩሺባራ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ላይ የተመሠረተ ባለ 26 ክፍል ሥራ ነው። እዚህም አንድ ተጓዥ አለ፤ ጊንኮ ይባላል። እዚህም መናፍስት መሰል ነገሮች አሉ። ሙሺ ይባላሉ። ግን ሙሺዎቹ ቂም የላቸውም። እንደ ሻጋታ፣ እንደ ጉም፣ ዝም ብለው ይኖራሉ። ስለዚህ ሥዕሉም ዝም ይላል። ተራራ፣ ጭጋግ፣ አረንጓዴ። ካሜራው አይቸኩልም። «ሞኖኖኬ» የሰው ቂም ስለሆነ ይጮኻል፤ «ሙሺሺ» ተፈጥሮ ስለሆነ ይተነፍሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው። «ሙሺሺ»ን ስመዝን የምቀንስበት ነገር ፊቶቹ ናቸው። የመንደሩ ሰው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል፤ አንዳንዴ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት እቸገራለሁ።

ለፍልሚያ ደግሞ «ዲመን ስሌየር» የተባለውን አኒሜ አንሱ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታየው 19ኛ ክፍል ላይ ዩፎቴብል የተባለው ስቱዲዮ የሠራው ውጊያ ብዙ ሰው እጁን አፉ ላይ ያስጫነ ነው። የእጅ ሥዕልና ኮምፒዩተር ተዋህደውበታል። ሆኖም ያ ውጊያ ልብ የሚነካው ጀግናው ታንጂሮ የአባቱን ውዝዋዜ ያስታወሰበት ሰዓት ስለሆነ ነው። የደመቀ ፍልሚያ ስታዩ ይህንኑ ፈልጉ፤ ከሰይፉ ጋር ምን ትዝታ አብሮ ተመዘዘ?

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ሙሺሺ» ከማንጋ የመጣ ነው፤ «ሞኖኖኬ» ግን ለቴሌቪዥን የተጻፈ ነው። ከማንጋ የመጣ ሥራ ታሪኩ ሲደክም ዳይሬክተሩ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ድካሙ ማንጋው ላይም እንዳለ አጣሩ።

9. ፍርዱን ጻፉ

አሁን ጥርሱ ሦስት ጊዜ ቀጭ ብሏል። አጭር ጻፉ። መጀመሪያ የሥዕሉን ሕግ፣ ቀጥሎ የመንፈሱን ሕግ፣ ከዚያ የተገናኙበትን ትዕይንት አስቀምጡ። ጉድለቱን ስትጽፉ ክፍሉንና ቦታውን ጥቀሱ። መጨረሻውን ግን አትንገሩ፤ ያላየ ሰው አለ።

የእኔን እንደ ናሙና ላስቀምጥ፦

«ሞኖኖኬ እንደ ወረቀት ሥዕል የተሠራ አኒሜ ነው፤ ቀለሙና በሮቹ ታሪኩን ይሸከማሉ። መንፈሱ የሚሸነፈው ምክንያቱ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ ይህን ሕግ በ12ቱም ክፍል አያፈርስም። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ዛሺኪ-ዋራሺ ነው፤ ለዓይን የከበደኝም እሱው ነው። ግድግዳው፣ ልብሱና ወለሉ ሁሉ አጊጠው ንግግሩም ከተጣደፈ የግርጌ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አንዱን ሳይጥል ሌላውን መያዝ አይችልም። ባኬኔኮ ላይ ደግሞ ባቡር ውስጥ የታሰሩት ሰዎች ስለ ጋዜጠኛዋ ሞት የሚያውቁትን በየተራ ሲናዘዙ አካሄዱ ይደጋገማል፤ ሦስተኛው ኑዛዜ ላይ ስደርስ የአራተኛውን መንገድ ገምቼው ነበር። ኑኤን ግን ማንም ሰው በጥሩ ስክሪን ላይ፣ መብራት አጥፍቶ ይየው። ዕጣኑ ሲሸት ቀለሙ እንዴት እንደሚመጣ ለማየት ብቻ።»